ሽታ የሌለው ቁም ሳጥን

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሰኔ ማለቂያ
ከሱቅ

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግማሹ ውሸት ይሆንብኛል። የዕለት ማስታወሻዬን ልጽፍ ተቀምጬ ብዕሩ ወደ አንቺ ዞረ።

ገበያው አለ። ዛሬ ደንበኛው ችፑድ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ሳይሆን "ሰርተፍኬት አለው?" ብሎ ነው። የተፈጨውን እንጨት አያይዞ ችፑድ የሚያደርገው ሙጫ ለዓመታት ጋዝ እንደሚተፋ፣ ዝቅተኛ የልቀት ደረጃ ያለው ግን ከሞላ ጎደል እንደማይተፋ ሰምቷል። ጎረቤቴ ነጋዴ "ድሮ ሰው ኪሱን ይዞ ይመጣ ነበር፣ አሁን አፍንጫውን ይዞ ይመጣል" እያለ ይስቃል።

ስለ ክፍሉ ልንገርሽ። ልትወልጂ እንደምትመጪ ስትነግሪን፣ መጋዘን ያለውን ሁሉ ትቼ ለሕፃኑ አልጋና ቁም ሳጥን ከሁሉ ዝቅተኛ ልቀት ያለውን ችፑድ አስመጣሁ። ቱምቢ የምንለውን አናጢያችንን ታውቂው የለ፤ ከግድግዳ የሚጋጠመው ጀርባ ሳይቀር ጠርዙን ሁሉ እንዲያሽግ አዘዝኩት። ጋዙ ይበልጥ የሚወጣው በተቆረጠ ጠርዝ ነውና።

"ጋሼ፣ ጀርባውን ማን ያየዋል?" አለኝ።

"የሕፃን ሳንባ ያየዋል።"

"ጉድ ነው! ሳንባም ዓይን አወጣ!" ብሎ አሸገው።

ሕፃኑ ዓለምን ሳያይ ቀረ። አንቺም ለእናትሽ "ያ ክፍል እንዳለ ካለ እዚያ ቤት አልገባም" አልሻት። አልፈርድብሽም። እናትሽ ግን ቁም ሳጥኑን በየቀኑ ትወለውለው ነበር። አንቺን እንዳላጣሽ ክፍሉ መፍረስ አለበት፤ እሷን ደግሞ "ይፍረስ" ማለት አቃተኝ።

ሐሙስ ባልና ሚስት ሱቅ መጡ። ሚስትየዋ ወሯ ገብቷል። ሰርተፍኬቱን ባሳያት "ወረቀትማ ሁሉም አለው፤ እኔ የማምነው አፍንጫዬን ነው" አለችኝ። በሱቅ የተሠራ ዕቃ ስላልነበረኝ ቤት ወሰድኳቸው። ሳላስብ የማደርገው ነገር እንደሌለ ታውቂያለሽ።

መሳቢያውን የከፈተችላት እናትሽ ናት። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አሸተተችና ፊቷ በራ።

"ምንም አይሸትም!"

"አዎ የኔ ልጅ፣ ምንም አይሸትም" አለች እናትሽ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ በቀስታ፣ "የሕፃን ቤት እንዲህ ነው እንዴ? ወተት አይሸት፣ ሳሙና አይሸት…" አለችኝ። ጓዳ ገብታ በሩን ስትዘጋ "ስጣቸው" አለች።

ባልየው "ለማን ተሠርቶ ነው?" ሲለኝ "ለናሙና" አልኩት። በነጻ ልሰጣቸው ልቤ ፈቅዶ ነበር። ግን በነጻ የሚሰጥ ዕቃ ታሪክ አለው፤ ያንን ታሪክ ደግሞ ወሯ የገባ ሴት መስማት የለባትም። ስለዚህ ለአልጋውም ለቁም ሳጥኑም ዋጋ ጠራሁ።

"ጋሼ፣ ዘረፉን እኮ!" አለች።

"እህቴ፣ እስከ ጀርባው የታሸገ ነው!"

"ጀርባው ላይ አናስተኛው!"

እሷ ስትቀንስ እኔ እምቢ ስል፣ እንደ ሁልጊዜው ተከራክሬ፣ እንደ ሁልጊዜው ተሸነፍኩላት። እየሳቀች ሄደች፤ ምንም አልጠረጠረችም።

እናትሽ ግን ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ ምግብ ታቀርብልኛለች እንጂ አታናግረኝም። አንዴ ብቻ "በልጅ ልጅህ አልጋ ተከራከርክ" አለችኝ።

ለምን እንደተከራከርኩ ላስረዳት ሞክሬያለሁ። አፌን ስከፍት የሚወጣው የገበያ ወሬ ነው። አንቺ ደውለሽ ንገሪያት፤ ካንቺ ትሰማለች።

ክፍሉ ባዶ ነው። ቱምቢ ግድግዳውን ቀለም እንቀባው ቢለኝ፣ ስትመጪ እንዳይሸትሽ ብዬ እምቢ አልኩት። በሩንም ዘግቼዋለሁ። በዚያ በኩል ማለፍ አይኖርብሽም። ብቻ ነይ።

ፈጣሪ ጎንሽን ይደግፈው፣ ልብሽን ይጠግነው፤ ከኔ ዕድሜ ቀንሶ ላንቺ ይጨምርልሽ።

ከእናትሽ ጋር ስትጨርሺ ስልኩን ለእኔ ትስጠኝ። ዝም ካልኩሽ መስመሩ ተቋረጠ ብለሽ እንዳትዘጊው። እዚያው ነኝ።

አባትሽ