በሕማማት የሚያንጠባጥብ ሞተር

ሰኞ

ዘይቱ የሚወጣው ከፊት ነው። መካኒኬ ቱሉ ባለፈው ሳምንት ከኋላ ነው ያለኝ ተሳስቶ ነው፤ ወይም ሆን ብሎ። የኋላው ከሆነ ካምቢዮ ይወርዳል፤ ካምቢዮ ከወረደ ሥራው ይበዛል። መካኒክ ሥራ ሲፈልግ ዘይት ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚወጣው።

ስለዚህ ወተት የማመላልስበትን ፒካፕ ለእሱ ከመስጠቴ በፊት ላቫጆ አስገብቼ ሞተሩን አሳጠብኩ። በጭቃ በተለወሰ ሞተር ላይ ማንም የፈለገውን ሊነግረኝ ይችላል። ንጹሕ ሞተር ግን ራሱ ይመሰክራል። አጣቢዎቹን ቆሜ አሠራኋቸው። "ውሃ የትም እንዳይገባ። ቀዳዳ የሆነ ነገር ሁሉ ይሸፈን" አልኩ። አንዱ "ጋሼ፣ አፍንጫችንንም እንሸፍን እንዴ?" አለ። ተሳሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ፌስታል በፌስታል አድርገው ሸፈኑት፣ አጠቡት።

ትንሽ ነድቼ አቆምኩና አየሁ። ከትልቁ ፑሊ ጀርባ ቀጭን ዘይት ይወርዳል። እንዳልኩት የክራንኩ የፊት ኦይል ሲል ነው፤ የሚሽከረከረውን ብረት አቅፎ ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት።

ከሰዓት ኦቦ ለሚ ከሱሉልታ ደወሉ። ወተት የሚያስረክቡኝ ገበሬዎች ተወካይ ናቸው። "አካም ጂርታ" ብለው ቤቴን፣ ልጆቼን፣ ጤናዬን ጠይቀው ከጨረሱ በኋላ ነው ወደ ጉዳዩ የገቡት። ጾሙ እሑድ ይፈታል። ገበሬዎቹ ጾሙን በሙሉ ወተታቸውን ሲንጡ ነው የከረሙት። እሑድ ማለዳ ሱሉልታ ተገኝቼ እረከባለሁ፣ ሰበታ ላሉ ካፌዎች አደርሳለሁ። "አንድ ሰውዬ በአዲስ መኪና እየተመላለሰ ያናግረናል" አሉ። "እሑድ ከቀረህ ለእሱ መስጠታችን ነው። ወተት ሰው አይጠብቅም።"

ምክር ነው ወይስ ማስፈራሪያ? ያ ሰውዬ በእውነት ይኑር አይኑር አላውቅም።

ማክሰኞ

ቡራዩ፣ ቱሉ ጋራዥ። እጄን ስዘረጋለት እጁን ወደ ኋላ ሰብስቦ አንገቱን ደፋልኝ። ሕማማት ነው። ይሁዳ ጌታውን በመሳም ስለሸጠ ኦርቶዶክሶቹ በዚህ ሳምንት አይሳሳሙም፣ አይጨባበጡም። እኔ ፕሮቴስታንት ብሆንም ይህን አላጣውም። ግን ዓይኔንም አላየኝም። ዓይን ለዓይን መተያየት የተከለከለበት ሕማማት አላውቅም። የሚደብቀው ነገር ላለው ሰው የሚመች ሳምንት ነው።

"ከፊት ነው" አልኩት።

ጎንበስ ብሎ አየ። "ልክ ነዎት፣ ኢንጂነር።"

የተማርኩትም ያስተማርኩትም ኬሚስትሪ ነው። ያውቃል።

ፑሊው ላይ የተጠመዱትን ቺንጋዎች ፈታ። የፑሊውን ቡሎን መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቶ በስንት ትግል አላላው። ፑሊውን ሳበው። አሮጌው ሲል ደርቆ እንደ ቀንድ ጠንክሯል። በካቻቢቴ ሲፈነቅለው ብረቱን እንዳይጭረው አስጠነቀቅኩት። እንደገና አስጠነቀቅኩት።

"ጋሼ፣ ባለቤትዎ ሲወልዱም እንዲህ አዋላጇ ራስጌ ቆመው ነበር?" አለ። ጋራዡ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ወርቄ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

አዲሱን ሲል ሰበታ ሄጄ የገዛሁት እኔ ነኝ። ከካርቶኑ ሲወጣ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር አይቻለሁ። ግን ስልኬ ጠራና ጀርባዬን ሰጠሁ። ስዞር ሲሉ ገብቷል፣ ፑሊውም እየተመለሰ ነው።

"ያ የእኔው ነው የገባው?"

"ራኮን ሂን ጂሩ" አለ። ችግር የለም ማለቱ ነው። ከዚያ በአማርኛም ደገመልኝ። በሁለት ቋንቋ ችግር የለም የሚል ሰው ያሳስበኛል።

ረቡዕ

ለሙከራ ሱሉልታ ደርሼ ተመለስኩ። ብሶበታል። በፊት ያንጠባጥብ ነበር፤ አሁን ይረጫል። ቺንጋው፣ ራዲያተሩ፣ የታጠበው ሞተሬ ሁሉ ዘይት በዘይት ሆኗል።

በቀጥታ ወደ ጋራዡ። ሁለት ሹፌሮች ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። ወርቄም አለች። "አዲሱን ለራስህ አስቀርተህ የሰው አሮጌ ነው የከተትክልኝ" አልኩት። ዝምታው አናደደኝና ሌባ አልኩት።

ቱሉ እጁን በጨርቅ ጠረገ። "ፈትቼ ላሳይዎት እችል ነበር" አለ። "አሁን ብፈታውም ሌላ ነገር ያገኙብኛል። መኪናዎን ይውሰዱ።"

የንጹሕ ሰው ንግግር ነው ወይስ የለመደበት? ለአስቴር ስነግራት "ሌባ ቢሆን ይጮህብህ ነበር" አለች። ባለቤቴ በሰው ታምናለች። ዝም የሚል ሌባ እንዳለም አታውቅም።

ሐሙስ

በሚኒባስ ሰበታ ሄድኩ። የመለዋወጫ ሱቁ ባለቤት ላይ ጀመርኩ፤ የሸጥክልኝ የውሸት ነው አልኩት። ሌላ ካርቶን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። ሲሉ ደህና ነው፤ ከንፈሩ ለስላሳ፣ ቁጥሩ ትክክል። ሌላ አንድ ገዛሁ። ስለዚህ ሻጩ ካልሆነ ቱሉ ነው።

ቤት ገብቼ ሞተሩን አስነሳሁና የዘይት መጨመሪያውን ክዳን አላላሁት። ከእጄ ዘልሎ ወደቀ። ትኩስ ዘይት ሸሚዜ ላይ ተፋብኝ።

ሞተሩ ውስጥ ንፋስ ታፍኗል። የታፈነ ጋዝ ደካማውን ቦታ ፈልጎ ይወጣል፤ እንኳን እኔ፣ ያስተማርኳቸው ልጆች ያውቁታል። ደካማው ቦታ ያ አዲሱ ሲል ነው። ግን ለምን ታፈነ? ፒስተኑ አልቆ ጋዙን እያሾለከ ከሆነ ሞተሩ አለቀ፤ ወተቱም፣ ሱሉልታም አለቀ።

ዓርብ

ስቅለት። ሰፈሩ በሙሉ ስግደት ሄዷል፤ ጋራዥ ሁሉ ዝግ ነው።

መኪናው ሥር ገባሁ። የሞተሩ መተንፈሻ ጎማ ከላይ መጥቶ ወደ መሬት ተንጠልጥሎ ያልቃል። ጫፉ ላይ ጥቁር ፌስታል አለ፤ ተጠቅልሎ በክር ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ።

ቱሉ፣ አልኩ። እንድመለስለት ሆን ብሎ ነው ያሰረው። ደስ አለኝ ማለት እችላለሁ፤ በስንት ጊዜ አንዴ ማስረጃ በእጄ ገባ።

ፈትቼ ስዘረጋው እጥፋቱ ውስጥ የደረቀ የሳሙና አረፋ ነበር። የላቫጆው።

ቀዳዳ የሆነ ነገር ሁሉ ይሸፈን።

ፌስታሉን ይዤ ከመኪናው ሥር ወጣሁ። ለአስቴር ነገርኳት። "ታዲያ ምን ያናድድሃል? በስንት ዘመንህ የምትለውን የሚሰማ ሰው አገኘህ" አለችኝ።

ያለ ፌስታሉ አስነሳሁት። ክዳኑ አልዘለለም። ፒስተኑ ደህና ነው። ሲሉ ግን ግፊቱ አበላሽቶታል፤ ማፍሰሱን አልተወም። መለወጫው በእጄ ነው። ቡሎኑን መፍታት ግን አልችልም። የደወልኩላቸው ሁለት መካኒኮች ከፋሲካ በኋላ አሉኝ። ለቱሉ አልደወልኩም። በስልክ የሚባል ነገር አይደለም።

ቅዳሜ

ጠዋት ቱሉ ቤት ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን የተሰጠውን ቄጠማ ግንባሩ ላይ አስሯል። ፌስታሉን አሳየሁት፣ የሆነውን ነገርኩት፣ ይቅርታ አልኩት።

"ሌባ ያሉኝ እዚህ አይደለም" አለ። "ጋራዥ ነው። ወርቄ ሰምታለች፣ ሹፌሮቹ ሰምተዋል። እዚህ ለእኔ ቢነግሩኝ ምን ያደርግልኛል? እኔማ አለመስረቄን ድሮም አውቃለሁ።"

ለሥራ እንደምፈልገው ያወቀ መሰለኝ፤ ሊያዋርደኝ ነው ብዬም አሰብኩ። ከዚያ ረቡዕ እኔ ያደረግኩትን አሰብኩ።

አብረን ሄድን፤ ጋራዡ በር ላይ፣ ወርቄና ሹፌሮቹ ፊት ቆሜ ፌስታሉን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። "ላቫጆ ላይ ቀዳዳ ሁሉ ይሸፈን ብዬ ይህን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ። ቱሉ ምንም አልወሰደብኝም። ስሙን ያጠፋሁት በሐሰት ነው።"

ከሹፌሮቹ አንዱ ጆሮውን ይዞ "ጋሼ፣ ወዲህ አልተሰማም" አለ። ደገምኩት።

"ቀዳዳው ሁሉ ሲሸፈን የጋሼ አፍ ብቻ ተረሳ" አለች ወርቄ።

ቱሉ አልሳቀም። ቱታውን ለብሶ ገባ። ከሰዓት የተበላሸውን ሲል አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ሳልፈልግ ቁጥሩን አነበብኩ። እኔ የገዛሁት ነው። አዲሱን ሲያስገባ ሄጄ ወርቄ ጋ ተቀመጥኩ፤ ጀርባዬን ሰጥቼ።

ሲጨርስ እጄን ዘረጋሁ።

"ሕማማት አላለቀም" አለና መፍቻዎቹን መሰብሰብ ጀመረ።

እሑድ

ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፌ ነበር ያደርኩት። ደረቅ ነው። ገልብጬ ጀርባውንም አየሁት። አስቴር በመስኮት እያየችኝ ራሷን ነቀነቀች።

ኦቦ ለሚ ደወሉ። ወተቱ እየታለበ ነው። ያ ሰውዬም መኪናውን ይዞ እዚያው ቆሟል፤ ለካስ እውነት አለ። "መንገድ ላይ ነኝ" አልኳቸው። ገና ግቢዬ ውስጥ ነበርኩ።

ስወጣ በቱሉ በር ነው የማልፈው። እንኳን አደረሰህ ልለው እቆማለሁ። እጄን ታጥቤያለሁ፣ የዘይቱ ሽታ ግን አልለቀቀኝም። ዛሬ ሕማማት የለም። እጁን ከሰበሰበ ምክንያቱ እኔ ነኝ ማለት ነው።