ከመብራቱ ጋር አብሮ ለሚጠፋው የሕሙማን ዋይፋይ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎም የቢሮዎ ኔትወርክም ሳይጓደል እንዲቀጥል ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ በሴቶች ክፍል መጨረሻው አልጋ ላይ ተኝታ የነበረችው እናት ልጅ፣ ለሕሙማን ዋይፋይ ስላስገቡልን ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብልዎ ወደድሁ።

፩. የአንቴናዎቹ ቦታ ሲታቀድ አንዱን ከቢሮዎ በር በላይ፣ አንዱን ከስብሰባ አዳራሹ አድርገው፣ እኛንም ሳይረሱ ሦስተኛውን ከካርድ ማስቀመጫው የብረት ቁምሳጥን ጀርባ ስላሰቀሉልን እናመሰግናለን። እናቴ በስልኬ የወንድሜን ፊት ግማሹን ታይ ነበር። ግማሹም ቢሆን ልጇ ነውና አልከፋትም።

፪. ለመሣሪያው ሶኬት ስላልታሰበለት ኤሌክትሪኩ ከጣሪያው መብራት መስመር ተቀጠለለት፤ መብራቱ ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል። በዚያው ሰሞን ደግሞ በቀን መብራት ማብራት በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ፣ ፊርማዎ ያረፈበት ማስታወቂያ በየማብሪያው አናት ተለጠፈ። ሁለቱ ትእዛዞች ከአንድ ቢሮ ወጥተው ደረጃው ላይ እንኳ አለመገናኘታቸው ይገርመኛል።

፫. ወንድሜ የመርከብ ምግብ አብሳይ ነው፤ የሚደውለውም ወደብ ሲደርሱ ብቻ ነው። የሞባይል ኔትወርክ ክፍላችን እንደማይገባ ያውቃሉ። የደወለው በጠራራ ፀሐይ ነበርና ነርሷ፣ እጇ ይባረክ፣ ደፍራ መብራቱን አበራችልን። እናቴ ፀጉሬን አበጥሪልኝ ብላኝ፣ ትራሷን ተደግፋ፣ ሳልሞት ትመጣልኛለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። ሊመልስላት አፉን ሲከፍት የጥበቃ ሠራተኛው ማስታወቂያዎን አክብሮ መብራቱን ድርግም አደረገው። እሱን አልወቅስም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። መልሰን ብናበራም መሣሪያው ዳግም ሥራ እስኪጀምር ድረስ ወንድሜ ወደ ሥራው ተጠርቶ ሄዷል።

ስለ መስመሩ ባስረዳት ባስረዳት አልተዋጠላትም። አስጨንቄው ነው የዘጋብኝ፣ ና ማለት አልነበረብኝም እያለች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሳምንት ሳይሞላ፣ ልጄ ጨከነብኝ እንዳለች ዐረፈች። ክቡር ሆይ፣ አንጀቴ አርሯል፤ ይህን በትህትና የምልበት ቃል አጣሁ።

ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት፣ ቀን ከሌት እንደሚበራው የቢሮዎ መብራት፣ መቼም የማይጠፋ መሆኑን እያረጋገጥሁ እሰናበታለሁ።

የመጨረሻው አልጋ አስታማሚ የነበርሁት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዕቃዋን ልወስድ ስመለስ ቁምሳጥኑ ተነሥቶ፣ ለመሣሪያው የራሱ መስመር ተዘርግቶለት አገኘሁ። እግዜር ይስጥልን። እዚያው እንደቆምሁ፣ መርዶው ያልደረሰው ወንድሜ ከሌላ ወደብ ደወለ። መብራቱ ጠፍቶ እንኳ ሙሉ ፊቱ ጥርት ብሎ ታየኝ። ወደ አገር ቤት ለመምጣት ፈቃድ ማግኘቱን በራሱ አፍ ሊነግራት ስለፈለገ ስልኩን ለእናታችን እንድሰጣት ጠየቀኝ፤ እኔም ወደተነጠፈው ባዶ አልጋ አዞርሁለት። ኔትወርክዎ ምንም እንከን አልወጣለትም፤ ወንድሜ አልቅሶ እስኪወጣለት ድረስ አንድም ጊዜ አልተቆራረጠም።