አጥሩ ላይ የታየው ጭንቅላት

ኅዳር 4
ዛሬም ግንባሬን በሩ ገጨው። ይህን ቤት የሠራው ሰው ከራሱ የሚረዝም ፍጡር አይቶ አያውቅም መሰለኝ። ባለቤቴ እንቁላል እየጠበሰች፣ ዞር እንኳ ሳትል፣ "ጎንበስ በል" አለች። ከገጨሁ በኋላ!

ደግ ወሬም አለ። የሴቶች ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የቅርጫት ኳስ ቡድናቸው አሠልጣኝ ሊያደርጉኝ ነው። ክለቤ ካሰናበተኝ ወዲህ የመጋዘን ዘበኛ ሆኜ... ጉልበቴ አረጀ እንጂ ኳሱ ከልቤ መቼ ወጣ?

ኅዳር 9
የፍርድ ቤት መጥሪያ መጣ። ለኔ!

ከሳሼ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። ሴቶች ልብስ ሲለኩ በአጥር አሻግሬ አያለሁ ብላ። አጥሩ ሌላውን ሰው ይጋርዳል፤ እኔን እስከ አገጬ ብቻ። አዎ፣ አያለሁ... ግን ቴሌቪዥኗን! የኛን ባለፈው በጨዋታ ዳኛው ተናድጄ የወረወርኩት ጫማ ሰበረው። ባለቤቴ ሁለተኛ አይገዛም ብላ ምላለች። አመሻሽ ላይ ጓሮ ስወጣ፣ አየር ልቀበል ነው እላት ነበር።

ኅዳር 10
ዳይሬክተሩ ሰምተዋል። "ክሱ ሳይዘጋ ልጆቹ ዘንድ ድርሽ እንዳይሉ።" እውነታቸውን ነው። እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው። ግን አመመኝ፤ እህል አልበላ አለኝ።

"እውነት አየር ነበር የምትቀበለው?" አለች ባለቤቴ። ስለ ቴሌቪዥኑ ነገርኳት። ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም።

ኅዳር 15
የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ጠበቃ ነው። "ጋሼ፣ ክደህ ውጣ። ችሎት ስትገባ ደግሞ አጭር ምሰል።" አጭር! ጉልበቴን አጥፌ ሳሎን ውስጥ ስለማመድ ዋልኩ። ባለቤቴ "ዳክዬ" አለችኝ።

ኅዳር 21
ጉድ ፈላ።

እንደ ተመከርኩት ጉልበቴን አጥፌ ቆምኩ። ልብስ ሰፊዋ፣ "ክብርት ዳኛ፣ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ጭንቅላቱ አጥሩ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር፣ እንደ ድመት" አለች። ልክድ አፌን ስከፍት ውጭ ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካ ነፋ። እጄ ሽቅብ! በኛ ዘመን ፊሽካ ሲነፋ ጥፋት የሠራው ተጫዋች እጁን ያነሣ ነበር። ጉልበቴም አብሮ ተዘረጋ። የጣሪያው አምፖል ተወዛወዘ። ጠበቃዬ ፊቱን በፋይሉ ሸፈነ።

"ጥፋትዎን አመኑ ማለት ነው?" አሉ ዳኛዋ።

ምን ልበል? "አይቻለሁ። ግን ጨዋታውን ነው፣ በቴሌቪዥን።"

"ምን ዓይነት ጨዋታ?"

እንግዲህ አልቻልኩም። ችሎት መሆኑን ረሳሁት። የሐሙስ ዕለት ነጭ ማሊያ ለባሾቹ እንዴት እንደመሩ፣ ያ ግራኝ ልጅ እንዴት እንደወረወረ፣ ኳሷ ቀለበቱን ዞራ ዞራ...

"ወጣች!" ልብስ ሰፊዋ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላለች። "ጣቴን በመርፌ የወጋሁት ያኔ ነው!"

ጣቷን አየች፤ እኔን አየች። "ክብርት ዳኛ... አሁን ሳስበው፣ ጭንቅላቱ የሚታየኝ በጨዋታ ቀን ብቻ ነው። በጨዋታ ቀን ደግሞ ደንበኛ አላስገባም።"

ክሷን እዚያው አነሣች። ዳኛዋ ሳቃቸውን እየዋጡ፣ "ከእንግዲህ በር ያንኳኩ" አሉኝ።

ኅዳር 24
የልብስ ሰፊዋን በር አንኳኳሁ። "ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ ግባ" አለች። በሯም ገጨኝ።

ባለቤቴም መጣች። ጨዋታው ሳይጀመር ጫማዬን አስወልቃ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

ታኅሣሥ 2
የመጀመሪያ ልምምድ። ልብስ ሰፊዋ የሰፋችልኝን ሱሪ ለበስኩ። ቁርጭምጭሚቴ ከተሸፈነ ስንት ዘመኑ! ሳይደግስ አይጣላም ይሏል ይሄ ነው። ስወጣ በሩ ላይ ጎንበስ አልኩ። ባለቤቴ አጨበጨበች።

ልጆቹ ተሰለፉ። ፊሽካውን ነፋሁ... እጄ ሽቅብ! ራሴው ነፍቼ!

ልጆቹ ተያዩ። የልምምዱ መጀመሪያ መስሏቸው ሁሉም እጃቸውን አነሡ።

ዳይሬክተሩ በእግር ጣታቸው ቆመው በአጥር አሻግረው ሲያዩን ነበር። እሳቸውም አነሡ።