ስለ ቁጥር መቶ ሰባት ድምፅ

ለክቡር ዶክተር ሌላንድ ፕሪቸት
የታልቦት ክሪክ የእናቶች ጤናና ፍትሕ ጥናት ተቋም ዋና ዳይሬክተር
ሚሲሲፒ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና፣ ቢታመሙም «አመመኝ» ሲሉ የሚያምንዎት ሐኪም እመኝልዎታለሁ። እኔ ቨርሊንዳ ቴት እባላለሁ። ሃያ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ፣ ተቋምዎ «ከማኅበረሰቡ የወጣች ጠያቂ» ብሎ ቀጥሮኝ፣ በቅርብ የወለዱ ጥቁር እናቶችን በየቤታቸው እየሄድኩ ሰባ አራት ጥያቄ ስጠይቅ ሁለት ዓመት ያገለገልኩ ሴት ነኝ። ስሜን ላያስታውሱት ይችላሉ፤ ሆኖም በመጽሔት ያወጡት ጽሑፍ መጨረሻው ላይ «የመስክ ሠራተኞቻችንን እናመሰግናለን» ስለሚል፣ ምስጋናው ደርሶኛል።

ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ጥቁር ሴት በወሊድ ጊዜና ከወሊድ በኋላ ከነጭ ሴት ይልቅ በብዛት እንደምትሞት፣ ትምህርቷም ደመወዟም ከዚህ እንደማያድናት፣ ከምክንያቶቹም አንዱ ሕመሟን ስትናገር የሚሰማት ማጣቷ እንደሆነ በሠንጠረዥ አረጋግጠዋል። እናቶቻችን ይህን ያለ ሠንጠረዥ ያውቁት ነበር፤ ቢሆንም ማኅተም ስላገኙለት እናመሰግናለን። ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው። እንዳያደክሙዎት ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

አንደኛ። በጥናትዎ ቁጥር መቶ ሰባት የተባለችው ሴት ስም ነበራት። ኪዮና ረፊን ትባል ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የዓሣ ፋብሪካ ቆዳ ስትገፍፍ ትውል ነበር። ልጅ ሳለች አውቶቡሴ ውስጥ ሁልጊዜ ከኋላዬ ነበር የምትቀመጠው። በወለደች በዘጠነኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሕፃኗን ታቅፋ በረንዳዋ ላይ አገኘኋት። እግሯ ከማበጡ የተነሣ የእናቷን ሰፊ ነጠላ ጫማ አድርጋለች። ስታየኝ ሳቀች።

«እትዬ ቨርሊንዳ፣ አሁን ደግሞ በየቤቱ እየዞርሽ ነው እንዴ የምትለቅሚን? ድሮ ጡሩምባ ነፍተሽ ነበር የምትጠሪን።»

የድምፅ መቅረጫውን ከፈትኩ። ሠላሳ አንደኛው ጥያቄ፣ ያከሟት ባለሙያዎች ምን ያህል እንዳዳመጧት ከአንድ እስከ አምስት ባለው ቁጥር እንድትመርጥ የሚጠይቅ ነው። ካርዱን ሰጠኋት። አቀረበችው፣ አራቀችው፣ መለሰችልኝ።

«ፊደሉ ይጠፋብኛል እትዬ። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ዓይኔ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ ብልጭ ይላል። ራሴንማ ተይው፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው የሚመስለኝ።»

ሐኪም ቤት ሄዳ እንደሆነ ጠየቅኋት። ይህ ከሰባ አራቱ ውስጥ ያልነበረ ጥያቄ ነው፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

«ሄጄ ነበር። አዲስ እናት ሁሉ ይደክማታል፣ ውኃ ጠጪ፣ ተኚ አሉኝ። አንዷማ የሚያደነዝዝ ክኒን ልለምን የመጣሁ መስሏት ቦርሳዬን ቦርሳዬን ታያለች።»

ከዚያ ዝም አለች። ዝምታው ሰባት ሰከንድ ነው። ይህን ያወቅኩት ኋላ ቃሏን ወደ ጽሑፍ ስገለብጥ ነው፤ መመሪያዎ ዝምታም በሰከንድ ተለክቶ እንዲጻፍ ያዛልና። ከዝምታው በኋላ ሕፃኗ አለቀሰች፤ ኪዮናም ወደ ቤት ውስጥ ዞራ «እማ፣ ነይ ያዥልኝ፣ እጄ ዛለ» አለች። ወደ እኔ ተመልሳ «ቁጥሩን አንድ በይው» አለችኝ። ጻፍኩት።

ሁለተኛ። የመመሪያዎ አራተኛ ገጽ፣ ጠያቂ ምክር እንዳይሰጥና በተሳታፊዋ ሁኔታ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቢሮዎ ደወልኩ። አስተባባሪዋ ትሑት ሰው ናት፤ ስታናግረኝ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«ወይዘሮ ቴት፣ ስሜትዎ ይገባኛል። ግን አሁን ጣልቃ ከገባን ውጤቱ ይዛባል። ‹ሌላ› በሚለው ሳጥን ውስጥ ይጻፉት፤ የስልክ ቁጥሮች ያሉበትን ወረቀትም ይተዉላት።»

ተውኩላት። ፊደል ይጠፋብኛል ላለችኝ ልጅ፣ በደቃቅ ፊደል የታተመ ወረቀት አስጨብጬ ሄድኩ። ይህን ጥፋት በእርስዎ ላይ አላላክክም። መኪናዬ ነዳጅ ነበራት፤ ሆስፒታሉም ከዚያ በረንዳ አሥራ ስምንት ደቂቃ ቢያስነዳ ነው። በሦስተኛው ቀን ኪዮና ሳህን እያጠበች ወደቀች። ግፊቷ ከመጠን በላይ ወጥቶ ደም አንጎሏ ውስጥ ፈስሶ ነበር። በማግሥቱ አረፈች። በስድስተኛው ወር መጠይቅ ባልተገኘች ጊዜ ቢሮዎ በፋይሏ ላይ «ከክትትል የጠፋች» ብሎ ጻፈ። ክቡርነትዎ እንዳይጨነቁ፣ አልጠፋችም፤ ቤተ ክርስቲያናችን መቃብር ውስጥ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከአባቷ አጠገብ ናት።

እኔን ግን ሰባቱ ሰከንድ አይለቁኝም። የትራፊክ መብራት ላይ ስቆም፣ መዘምራኑ ከአንዱ የመዝሙር ስንኝ ወደ ሌላው ሲሻገሩ፣ ቧንቧ ዘግቼ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ሳላውቀው እቆጥራለሁ። ሰባት ላይ ሕፃን እስኪያለቅስ ቆሜ እጠብቃለሁ። ባለቤቴ አንድ ቀን «ማንን ነው የምታዳምጪው?» አለኝ። ቧንቧውን መልሼ ከፈትኩት።

ሦስተኛ። ይህኛው አጭር ነው። በጥር ወር ቁጥር መቶ ስልሳ ሦስትን ስጠይቅ ፊቷ አብጦ፣ ቀለበቷ ጣቷ ውስጥ ሰምጦ አየሁ። አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ የመጠይቁን ማኅደር አጥፌ «ተነሺ፣ ጫማሽን አድርጊ» አልኳት። ሆስፒታል ወስጄ፣ እስኪያስተኟት ድረስ ከበሩ አልንቀሳቀስም ብዬ ቆምኩ። ተርፋለች። ቢሮዎ «ያልተሟላ መረጃ አስረክበሻል» የሚል ማስጠንቀቂያ ልኮልኛል። በመስታወት አስገብቼ ሳሎኔ ሰቅዬዋለሁ። ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ።

አራተኛ። ባለፈው ሚያዝያ በአዲሱ አዳራሽ ጉባኤ ጠርተው፣ የእኛን ማኅበረሰብ ስለሚወዱ፣ ምሳውን የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች እንዲያዘጋጁ ፈቀዱልን። የተጠበሰ ዓሣና የተቀቀለ ጎመን ይዘን መጣን። ከእኛ ጋር የኪዮና እናት፣ እማማ ኦሊ ረፊን ነበሩ። ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ለእንግዶች የቀዘቀዘ ሻይ ይቀዳሉ። እርስዎ መድረኩ ላይ ወጥተው «ከቁጥሮች በፊት አንዲት እናት እንስማ» አሉ። መብራቱ ደበዘዘ። የኪዮና ድምፅ ከጣሪያው ድምፅ ማጉያ ወረደ።

«ፊደሉ ይጠፋብኛል እትዬ…»

ስም አልነበረውም፤ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ግን እናት ስም ምን ያደርግላታል? እማማ ኦሊ የሻዩን ማንቆርቆሪያ በዝግታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። እኔ ከአጠገባቸው ሆኜ እቆጥር ነበር። ሰባት ላይ ሕፃኗ አለቀሰች፤ «እማ፣ ነይ ያዥልኝ፣ እጄ ዛለ» የሚለውም መጣ። እማማ ኦሊ ክንዳቸውን ዘርግተው በወንበሮቹ መካከል ወደ ፊት መራመድ ጀመሩ።

«መጣሁ ልጄ። ይኸው መጣሁ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። የዝግጅቱ ክፍል መስሏቸው መሆን አለበት፣ ከፊት ረድፍ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ሌሎችም ተከተሉት። እርስዎም አጨበጨቡ። እማማ ኦሊ መድረኩ ሥር ደርሰው፣ የሚይዙት ነገር አጥተው፣ ባዶ ክንዳቸውን አንዴ አዩና ቆሙ። ሄጄ ይዣቸው ወጣሁ። መኪና ውስጥ አስገባኋቸው። ከዚያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቨርሊንዳ፣ ልጄን ጣሪያው ውስጥ ትተናት ነው የምንሄደው?»

አያቴ በልጅነቴ፣ ሐኪሞች ጥቁር ሰው እየሰረቁ ለምርመራ ይወስዳሉና ወደ ሆስፒታሉ አጥር አትጠጊ ትለኝ ነበር። ለሕፃን ማስፈራሪያ የተፈጠረ ተረት ይመስለኝ ነበር፤ እማማ ኦሊን ወደ ቤታቸው ስነዳ ግን አያቴን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኋት።

አምስተኛና የመጨረሻ። እማማ ኦሊ የልጃቸው ድምፅ እንዲሰጣቸው በእጃቸው ጽፈው ጠየቁዎት። ቢሮዎ፣ የተሳታፊዎች ማንነት በምስጢር የተጠበቀ በመሆኑ ድምፁ የልጃቸው መሆኑን ማረጋገጥም መካድም እንደማይችል መለሰላቸው። ሦስት መቶ ሰው ሰምቶ ያጨበጨበለትን ድምፅ ከወለደቻት እናት ስለደበቁልን አመሰግናለሁ።

ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና አሳውቃለሁ። ቃሏን ስገለብጥበት የነበረው የድምፅ ቅጂ እጄ ላይ ነበር። የፈረምኩት ውል እንዳጠፋው ያዘኛል፤ አላጠፋሁትም። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወስጄ ለእማማ ኦሊ ሰጠኋቸው። አብረን ሰማነው። ስለ ጡሩምባው ስታሾፍብኝ እማማ ኦሊ ሳቁ፤ ሰባቱ ሰከንድ ሲደርስ እጄን ያዙኝ። በዚያው ዕለት በዚያ በረንዳ ላይ ምን እንዳየሁና ምን እንዳላደረግሁ ነገርኳቸው። እጄን ለቀቁ። ኋላም «አውቄ ነበር። አንቺ እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው» አሉኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ከሥራው በፈቃዴ ለቅቄአለሁ። በፍርድ ቤት ሊጠይቁኝ ቢሹ አድራሻዬ ከታች አለ፤ አልጠፋብዎትም።

ጥናትዎ እንዲሰፋ፣ አዳራሽዎ እንዲሞላ፣ ጣሪያውም ከእንግዲህ የራሱን ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ እየተመኘሁ፣ ለክቡርነትዎ የሚገባውን አክብሮት ሳላጎድል ሳልጨምርም እሰናበታለሁ።

ቨርሊንዳ ቴት
የመረጃ ሰብሳቢ ቁጥር ዘጠኝ የነበረች
ሳይፕረስ ጎዳና፣ ታልቦት ክሪክ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ እማማ ኦሊ ከቢሮዎ የመጣ አዲስ ደብዳቤ አሳዩኝ። የኪዮና ልጅ ዛሪያ፣ «እናታቸውን ያጡ ሕፃናት» በሚለው ጥናት ውስጥ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቷ ክትትል እንዲደረግባት ፈቃድ ይጠይቃል። ታዲያ እዚህ ላይ እናቷ ማን እንደሆነች አረጋግጣችኋል ማለት ነው። እማማ ኦሊ መልሱን እንድጽፍላቸው አዝዘውኛል፤ ቃላቸው እንዲህ ነው፦ «ይምጡ፣ አልከለክልም። ግን ማኅደር የያዘ ሰው ብቻውን በሬን አይረግጥም። ሐኪም ይዞ ይምጣ፤ ሐኪሙም ቀድሞ ይግባ።»