ስለ መቃብሬና ስለ ዛጎሉ ደሴት

እኔ ዲቦር ሳር፣ የሳሉም ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ጨዋማ ረግረግ ዛጎል ስለቅም ያረጀሁ ሴት፣ ዛሬ ሐሙስ፣ ሜይ 22 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.፣ እግሬ ቢከዳኝም ልቡናዬ ሳይከዳኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ በኢማም ዋሊ ጃሜና በአዋላጇ በቴኒንግ ሴኔ ፊት ይህን ተናግሬ አስጽፌአለሁ።

ቤቱን ኢማሙ ለልጆቼ በሸሪዓው ያካፍሏቸው፤ በዚያ አልገባም። ታንኳዬ ግን የልጄ የያንዴ ነው፤ ወንድሟም እሺ ብሏል። እሱ ትምህርት ቤት ሲውል እሷ ከእኔ ጋር ጭቃ ውስጥ ትውል ነበር። ለወንድሟ ለላቲር የአባቱ መረብ ይሰጠው። ማጥመድስ አይችልበትም፤ ቢሆንም ይውሰደው።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ። ባሌ የተቀበረው አያቶቻችን ዛጎል ከምረው በሠሩት ደሴት ነው። ደሴቱ ዛሬ በወፎቹ ጥብቅ ስፍራ ውስጥ ነው፤ ጠባቂውም ላቲር ነው። ወፎቹ እንቁላል ከታቀፉ ጀምሮ፣ እንደ አሁኑ፣ ዝናብ እስኪገባ እዚያ እግር አይረግጥም። ከደነገጡ ጥለው ይነሣሉ፤ እስኪመለሱ አሞራ እንቁላሉን ይጨርሰዋል። ይህን መንግሥት አላመጣውም፤ ላቲርን ያስተማርሁት እኔ ነኝ። በእነዚህ ወራት የሞተብንን በመንደሩ አሸዋ እንቀብር ነበር።

የመንደሩን መቃብር ግን ባሕሩ እየበላው ነው። አምና የአማቴን አጥንት ከዳርቻው ለቅመናል።

ትናንት ያንዴ ወንድሟን፣ «ለወፍ እንቁላል ብለህ እናታችንን ለባሕር ልትሰጣት ነው?» አለችው። ያንዴ ልጄ፣ አትስደቢው፤ መግቢያ ያጣ ሰው ነው።

እኔስ ምን ብዬ ልናዘዝ? ደሴቱ ላይ ቅበሩኝ ብል ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁትን ማፍረሴ ነው። አሸዋው ይበቃኛል እንዳልል ባሕሩን እፈራለሁ። ያረጀ ሰው አይፈራም ያለ ማነው፣ እፈራለሁ። ስለዚህ በዚህ ነገር ቃል አልሰጠሁም፤ ቢጨንቀኝ ነው።

ይህን ስናገር ላቲር እግሬ ሥር ተቀምጦ ነበር። የጥበቃ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እማ፣ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ብቻ ቆዪልኝ» አለኝ።

በእጄ ያለ ነገር ነው እንዴ ብዬ ልቆጣው ነበር። ፊቱን ሳየው ግን እሞክራለሁ አልሁት። ይህም ይጻፍ ብዬ የአውራ ጣቴን አሻራ አኑሬአለሁ።

ምስክሮች፦ ዋሊ ጃሜ፣ ፊርማ። ቴኒንግ ሴኔ፣ አሻራ።

ያንዴ ንዶንግ፦ ሰምቻለሁ፤ አልተስማማሁም።

ላቲር ንዶንግ፦ ሰምቻለሁ።