ክርናችን ላይ ስለምትቆመው ፀሐይ

ለተከበሩ የቀድሞ ወታደሮች የጤና ጉዳት መርማሪ ቦርድ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅዎ፣ እግርዎ፣ ትንፋሽዎ እንዴት ነው? እኛ የሃይቅና የአምባሰል የድሮ ወታደሮች ስለ ጤና ስንጠያየቅ አካል በአካል እየቆጠርን ስለሆነ ልማዳችንን ይቅር ይበሉን። አላህ ለእርስዎ ሙሉ ዓፊያ ይስጥልን፤ ቦርድዎ ፊት ቀርቦ ከመመርመርም ይሰውርዎ።

እኔ ዑበይዱላህ እባላለሁ፤ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ሽንኩርት የማመርት ገበሬ ነኝ። በጦርነቱ ጊዜ ጠላት እንዳይሸሸግበት ከምሽጋችን ፊት ያለውን ቁጥቋጦ የሚያደርቅ መድኃኒት እንድንረጭ ታዘን ነበር። የአምባሰሉ ጓዴ ይመር መርጫውን በጀርባው ያዝላል፣ እኔ ከበርሜሉ እየቀዳሁ እሞላለታለሁ። ቁጥቋጦው ወዲያው ደረቀ። እኛ ለመድረቅ ብዙ ዓመት ስለፈጀን ቦርድዎ ጉዳያችንን ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ስለሆነም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የእኔና የሌሎች ጓዶቼ ቁስል «ከፀሐይ ብዛት የመጣ ነው» ተብሎ ስለተወሰነልን እናመሰግናለን። ጥቂት ላስረዳ ይፈቀድልኝ። ባዶዎቹን በርሜሎች አጥበን ውሃ እናመላልስባቸው ነበር። የሚጠጣው በቦቴ ይመጣልናል፤ እኛ ሙስሊሞቹ ግን ለሶላት ውዱእ የምናደርገው፣ ማለትም ፊታችንን፣ እጃችንን እስከ ክርን፣ እግራችንን እስከ ቁርጭምጭሚት የምንታጠበው፣ በበርሜሉ ውሃ ነበር። ውሃ የሌለው ሰው በአፈር አብሶ መስገድ ተፈቅዶለታል፤ እኛ ግን ውሃ እያለ እንዴት ይሆናል ብለን፣ ሽታውም የለቀቀ መስሎን፣ በደንብ አድርገን ታጠብንበት። ዛሬ ቁስሉ ከክርናችን አያልፍም፣ ከቁርጭምጭሚታችን አያልፍም፣ ፊታችን ላይም ከጆሮ እስከ ጆሮ ነው። ክቡር ሆይ፣ የቦርድዎ ፀሐይ እንዴት ያለች ሥርዓት አዋቂ ናት! ጫማ አስወልቃ እግር ታቃጥላለች፣ ክርናችን ላይ ስትደርስ ግን በአክብሮት ትቆማለች።

፪. መድኃኒቱ «ለአረም እንጂ ለሰው ጉዳት የለውም» በማለት ስላጽናናችሁን እናመሰግናለን። ውዱእ የማያደርገው ክርስቲያኑ ይመር ከበርሜሉ ውሃ ተርፎ ነበር፤ ከመርጫው ግን አልተረፈም። መርጫው ቀኑን ሙሉ ጀርባው ላይ ያንጠባጥብ ነበር። ዛሬ ሐኪሞች የደም ካንሰር ነው ብለውታል። አዲስ አበባ ሄዶ እንዲታከም ሪፈር የሚጻፍለት እናንተ ጉዳቱ በግዳጅ ላይ የደረሰ ነው ብላችሁ ስትፈርሙ ብቻ ነው። አልፈረማችሁም። ጓዴ እየሞተ ነው፤ ይህን ስጽፍ ትሕትናዬ እያለቀብኝ ስለሆነ ወደ ሦስተኛው ልለፍ።

፫. ይመር ራሱ በአካል ቀርቦ እንዲያስረዳ በደግነት ስለጠራችሁትም እናመሰግናለን። እግሩ ደንዝዞ መሬት አይሰማውምና፣ ከግሸን መንገድ ዳር ከሚገኘው ቤቱ እስከ መኪና መንገዱ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ጎረቤቱ ሁሉ በቃሬዛ ተሸክሞ አወረደው። ደሴ ስንደርስ ስብሰባ ላይ ናችሁ ተባልን። ሳይታይ ወደ ቤቱ መለስነው። ባለቤቱ «ለዘመቻ ሊወስዱት የመጡ ቀን ስብሰባ አልነበረባቸውም» አለች።

፬. ተሰላችተው ይተዉታል ብላችሁ ስላሰባችሁልንም እናመሰግናለን፤ ሆኖም አንተወውም። በሚመጣው ሰኞ ይመርን በቃሬዛ ይዘን ደጃችሁ እንገኛለን። ስብሰባ ካለባችሁ እንጠብቃለን። ከመሸም እዚያው እናድራለን፤ ምሽግ ውስጥ ያደረ ሰው በእናንተ በረንዳ ላይ ማደር አይከብደውም። የምንለምነው ምጽዋት የለም። ፊርማችሁን ይዘን እንመለሳለን፣ ወይም አንመለስም።

ውድ ጊዜዎን ስለ ጤና በማውራት ስላባከንኩ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣

ያኔ ታዝዞ የረጨ፣ ዛሬ ማንም ሳያዘው የሚጽፍ፣
ዑበይዱላህ፣ ከሃይቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ከእናንተ ግቢ ስንወጣ ይመር ደክሞት ቃሬዛውን ሣሩ ላይ ልናሳርፍ ስንል፣ የእርስዎ ፊርማና ማኅተም ያለበት ማስታወቂያ አየን። «የአረም መድኃኒት ስለተረጨ ለጤና አደገኛ ነው፤ ሣሩን መርገጥ በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። አክብረን አስፋልቱ ላይ አሳረፍነው። ግንባር ላይ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ የለጠፈልን አልነበረም።