የራሼል አበባማ ቀሚስ

ለታላቅ ወንድሜ ለዛካሪ፤

ሰላምታዬ ካንተ ይጀምርና ቤቱን ሁሉ ይዙር። ያ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያስጨንቅህ ሳል ዘንድሮስ ፋታ ሰጠህ? እማማ ዓይኗ እንዴት ነው? ዛሬም ክር በመርፌ ካላስገባሁ እያለች ትጣላችኋለች? ባለቤትህ አስቴርስ ወገቧን ተሻላት? የሽመና ዕቃህ ይሠራል ወይስ እንደኛ ሰፈር ሸረሪት አደራበት? እኔና ካትሪን አለን፤ መኖር ከተባለ።

ይህን ደብዳቤ በእጇ ያቀበለችህ፣ በአደራ እኛ ዘንድ የነበረችውና ከሸኚ ጋር የላክናት ልጅህ ራሼል ናት። ፋሻዋን አይተህ ደንግጠሃል፤ አስቴር ጮሃለች። ራሼልም እዚህ ለጎረቤት ሁሉ እንደምትለው፣ «አድመኞቹ መንገድ ላይ አሲድ ደፉብኝ፤ አጎቴ ባይደርስልኝ ሞቼ ነበር» ብላችኋለች። እማማም «ጌዴዎን ልጄ ይባረክ» ሳትል አትቀርም። አትመርቁኝ፣ ዛካሪ። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበውና ከዚያ የምትለኝን በለኝ።

አንተም ሸማኔ ነህና የነገሩን ሥር ታውቀዋለህ። መርከቦቹ ያገሩን ብር ጭነው ህንድ ይወርዳሉ፣ ቺት የሚሉትን አበባ የታተመበት የጥጥ ጨርቅ ጭነው ይመለሳሉ። ፓርላማው የታተመውን ቺት ሲከለክል እኛ ሞኞቹ ጠጥተን ጨፈርን። ነጋዴ መቼ ይሸነፋል! ነጩን ጥጥ አስመጥተው አበባውን እዚሁ ለንደን ያትሙበት ጀመር። ርካሽ ነው፣ ይታጠባል፣ ቀለሙ አይለቅም። ከእመቤቲቱ እስከ ገረዲቱ ቺት ለባሽ ሆነች፤ የእኛን ሐር የሚያየው ጠፋ። በእኛ መንገድ ካሉት አሥር የሽመና ዕቃዎች ሰባቱ ቆመዋል። ካትሪን እንደ ልጅ ያሳደገቻትን ዘፋኝ ወፍ ሸጠን ዳቦ በላንባት። ፊት ለፊታችን የሚኖረው ሸማኔ ቶቢ ክራም በሁለት ወር ሁለት ሕፃናት ቀበረ። ያ ሳቂታው ቶቢ ከመቃብር ሲመለስ ቺት የለበሰች ሴት በአጠገባችን ስታልፍ አየና፣ «ያቻት፣ የልጆቼን ጉሮሮ ለብሳ ትንጎራደዳለች» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሰው አልሆንንም። በሰኔ መጀመሪያ ሺህ ሆነን ወጣን። ቺት የለበሰች ሴት ባየን ቁጥር «እሜቴ ቺት! አውልቂው!» እያልን ከበን ቀሚሷን ከላይዋ ላይ መቅደድ ነው። አንዲት የጠማቂ ሚስት እንቢ ብላ ብትናከስ ፀጉሯን ይዘን በጭቃው ላይ ጎተትናት። በውስጥ ልብሷ ስትሮጥ ቀሚሷን እንጨት ላይ ሰቅለን እንደ ባንዲራ ተሸክመን ዞርን። ወታደሮች ተኮሱብን፤ አንዱን ጓደኛችንን ትከሻውን በሱት፣ እኛም የአንዱን ወታደር መንጋጋ በድንጋይ ሰበርን። ልዋሽህ አልፈልግም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከወራት በኋላ እጄ ሥራ ያገኘ መሰለኝ። ቶቢ ደግሞ ቀለም ነካሪዎች የሚጠቀሙበትን አሲድ በቀለም ብልቃጥ ይዞ መዞር ጀመረ። ቀሚስ ላይ ጠብ ሲል ጨርቁ ይበሳሳል፤ ሴትዮዋ እያወለቀች ትሮጣለች። እኔም «አይ ቶቢ፣ አንተ ሰይጣን!» እያልኩ እስቅ ነበር።

ያን ቀን ቅዳሜ ነው፣ እኩለ ቀን። አርባ ያህል ሆነን በገበያው መንገድ ስንወርድ፣ ከፊታችን አንዲት ልጅ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ ቅርጫት አንጠልጥላ ትሄዳለች። ቀሚሷ ቀይና ሰማያዊ አበባ የተረጨበት፣ ቅጠሉ የሚጠማዘዝ፣ ቁርጥ የህንዶቹን ሥራ። ጀርባዋን ብቻ ነው ያየሁት። «ቺት!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ፣ ዛካሪ። መጀመሪያ የጮህኩት እኔ ነኝ። ሌላው ተቀብሎ አስተጋባ እንጂ ከእኔ በፊት ማንም አላያትም ነበር። ሮጬ ደረስኩባትና ቀሚሷን ከትከሻዋ ላይ ጨብጬ ወደ ኋላ ሳብኩት።

ያኔ ጣቴ ነገረኝ። ጥጥ አልነበረም። ሐርና ሱፍ ነበር፤ ማጉም የኔው ማግ፣ እኔ የማጠብቀው ዓይነት። አየህ፣ በጥር ሥራ የሚሰጠኝ ጌታዬ «ቺት የመሰለ አበባ በሐር ሥሩልኝ፣ ሴቶቹ ይታለሉ» ብሎ አዝዞን ነበር። አበባ ያለበት ጨርቅ ፊቱ ወደ ወለል፣ ጀርባው ወደ ሸማኔው ሆኖ እንደሚሠራ ላንተ አልነግርህም። ሦስት ወር ሙሉ ከላዩ ላይ ጎንበስ ብዬ ስውል ያየሁት የተንጠለጠለ ክርና የተዘበራረቀ ቀለም ነው። ሲያልቅ ተጠቅልሎ ሄደ። ካትሪን ልታስረክብ ስትሄድ ጌታው «ይህኛውን ጫፍ ቅባት ነክቶታል» ብሎ ቆርጦ መልሶላት ኖሯል፤ እሷም ለእኔ ሳትነግረኝ ደብቃ ለራሼል ቀሚስ ሰፋችላት። ሴቶቹ ይታለሉ ብለን የታለልነው እኛው ነን። በገዛ እጄ የሠራሁትን አበባ ፊቱን ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ተው!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማል! እኔ ስስባት በጀርባዋ ወድቃ ፊቷ ወደ ሰማይ ሆኖ ነበር፤ ራሼል ናት። ቶቢ ለቀሚሱ ብሎ የወረወረው አሲድ በግራ ዓይኗ፣ በጉንጯና በአንገቷ ላይ አረፈ። ያንን ጩኸት ልጽፈው አልችልም። የቆዳው ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። ካፖርቴን አውልቄ ሸፈንኳት፤ ከፈረሶቹ ገንዳ ውሃ በባርኔጣዬ እየቀዳሁ ስደፋባት፣ ስሟን ስጠራ ድምፄን አወቀችና «አጎቴ! መጣህልኝ፣ አጎቴ!» ብላ እጄን ያዘች። ይኸው የጎተታትን እጅ ሳመችው። ቅርጫቷ ተገልብጦ ዳቦውንና ዓሣውን አርባ ሰው ረግጦታል። ምሳዬን ይዛ፣ ቀሚሷንም ልታሳየኝ እኔኑ ፍለጋ ወጥታ ነበር።

ግራ ዓይኗ ጠፍቷል። ቀኙ ፋሻው ሲፈታ ያያል ይላል ሐኪሙ፤ ጉንጯ ግን እንደነበረው አይሆንም። ቶቢ በማግስቱ መጥቶ በሬ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ በቡጢ አፉን መታሁት፤ ጥርሱ ወለቀ። መሬት ላይ ጥዬ ረገጥኩት። እጁን አላነሣብኝም። ደሙን እየተፋ «አንተ ጮህክ፣ እኔ ደፋሁ» አለኝና ሄደ።

ለካትሪን ነገርኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋ ለይታለች፤ ስታናግረኝም «በላህ?» ከማለት አታልፍም። ለራሼል ግን አልነገርኳትም። ሦስት ጊዜ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አፌን ከፍቼ፣ ሦስቱንም ጊዜ «ሾርባ ላምጣልሽ?» ብዬ ተነሣሁ። ጎረቤት ሊጠይቃት ሲመጣ «እንደ አጎቴ ያለ ሰው የለም» ትላለች፤ እኔ ጥግ ይዤ እሰማለሁ። ሰው ፊት እያመሰገነች በቁሜ ገደለችኝ፣ ምንም ሳታውቅ! በአደራ የሰጠኸኝን ልጅ በላሁብህ፣ ወንድሜ። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

ወገኖቻችን ዛሬም እየወጡ ነው። ፓርላማው ቺቱን ጨርሶ ሊከለክል ነው፣ አሸነፍን ይላሉ። እኔ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሥራ ቢመጣልኝም ከሽመና ዕቃዬ ላይ አልተቀመጥኩም፤ እግሬም እጄም እንቢ አለኝ።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ዓይኗ ታስሯልና ማንበብ አትችልም፤ «አጎቴ ምን ብሎ ጻፈ?» ብላ መጠየቋ አይቀርም። አንብብላት። ለእኔ ብለህ አንድ ቃል አትዝለል፣ አታለስልስ። የጎተታት ማን እንደሆነ ትወቅ። ፈሪ ነኝ፤ ፊቷን እያየሁ መናገር ስላቃተኝ ነው ሸክሙን በአንተ ላይ የጣልኩት።

የእማማን ጉልበት ሳምልኝ፤ ብትረግመኝም አሜን ብያለሁ በላት። አስቴርን ምን ብዬ ሰላም እንደምላት አላውቅም፤ የእናት ልብ ነውና የፈለገችውን ትበለኝ። ትንሹን ልጅህን ፒየርን ግንባሩን ሳምልኝ፣ ሽመና ግን አታስተምረው። አማትህንም እንዴት ነሽ በልልኝ። ለራሼል ሰላምታ አልላክሁም። አንብበህላት ስትጨርስ፣ ጥቂት ቆይተህ ከጌዴዎን የሚመጣ ሰላምታ ትቀበል እንደሆነ ራሷን ጠይቃት። አልቀበልም ካለች፣ ይህንኑ በአንድ መስመር ጽፈህ ላክልኝ።

ታናሽህ ጌዴዎን
ስፒታልፊልድስ፣ ለንደን
ሰኔ 30 ቀን 1719